ማታ ማታ አምስት መስመር፦ የቀን ማስታወሻ መፃፍ እንዴት ይለመዳል

አባቴ እዚህ ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ነበረችው፣ ስኳር ዘይት ሳሙና ክብሪት ምናምን የሚሸጥባት፣ እና እሱ ሲያርፍ ከሱቋ የተረፈን ሚዛኑና አንድ ካርቶን ሙሉ የዱቤ ደብተር ነበር። ከአርባው በኋላ ደብተሮቹን ያወጣናቸው ያልተከፈለ ዱቤ ካለ እንይ ብለን ነው። ያው እንደማንኛውም የዱቤ ደብተር ስም አለ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ ቀን፣ የተከፈለው ተሰርዟል። ግን ዳር ዳሩ ላይ በደቃቅ ፅሁፍ ሌላ ነገርም ነበር። «ሙሉ ቀን ዝናብ፣ ገበያ የለም።» «ልጇ ታሞባታል፣ እስክታመጣ አትጠየቅ።» «ትንሿ ዛሬ ብቻዋን ከትምህርት ቤት መጣች።»

ትንሿ እኔ ነኝ። ቀኑ ጥቅምት 11 ይላል። ለእናቴ ሳነብላት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየችና «መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቅሽ ነበር እኮ፣ ሱቁን ለጎረቤት ጥሎ» አለችኝ። ይህን ታሪክ በህይወቴ ሰምቼው አላውቅም፣ እሷም ያቺን መስመር እስክትሰማ ድረስ ጭራሽ ረስታዋለች። ስድስት ቃል ናት በቃ። ስድስት ቃል አባቴን መንገድ ዳር አቆመችልኝ።

አባቴ ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማረ ሰው ነው፣ ፀሀፊ ልሁን ብሎ አስቦ አያውቅም፣ ማስታወሻ እየያዝኩ ነው ብሎም አያስብም ነበር። ዝም ብሎ እስክርቢቶው እጁ ላይ ስላለች ይፅፋል። ይሄ ነገር ደግሞ እኛ አገር አዲስ አይደለም፣ በየገዳሙ ያሉ የብራና ወንጌሎች ህዳጋቸው ላይ ማን ለማን መሬት እንደሰጠ ምናምን ተፅፎባቸው ይገኛል፣ ሰው ባዶ ቦታ ሲያገኝ እንዳይጠፋ የሚፈልገውን ነገር እዛች ላይ ያኖራል። ነገስታቱማ ውሏቸውን የሚፅፍላቸው ሰው ነበራቸው፣ የአፄ ምኒልክን ዜና መዋዕል የፃፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ነበሩ። የኔ እና የእናንተን ውሎ ግን እኛው ካልፃፍነው ማንም አይፅፍልንም።

እኔ ከዛ ሳምንት ጀምሬ ይኸው ሰባት አመት ሊሞላኝ ነው፣ ማታ ማታ እፅፋለሁ። ብዙ ሰው «እንዴት አስቻለሽ፣ እኔ ጀምሬ ሁለት ሳምንት አይሞላኝም» ስለሚለኝ እንዴት እንደማደርገው እስቲ ቁጭ ብዬ ልፃፈው ብዬ ነው። ደራሲ መሆን ለምትፈልጉ አይደለም ይሄ፣ ለማንኛውም ሰው ነው።

ምን ላይ ይፃፍ

መጀመሪያ ደብተሩ። ሰው ሲጀምር ቆንጆ ነገር ይገዛል፣ ቆዳ ልባስ ያለው፣ ማሰሪያ ያለው፣ ከዛ እጅ ፅሁፌ ያበላሸዋል ብሎ ይፈራል፣ የመጀመሪያውን ገፅ ሶስቴ ይቀዳል፣ ከዛ ይተወዋል። ወይ ደግሞ ድርጅቶች በአዲስ አመት የሚሰጡትን አጀንዳ ይጠቀማል። አጀንዳን እኔ አልመክርም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ገፅ ላይ ቀኑ አስቀድሞ ስለታተመ ሶስት ቀን ከዘለላችሁ ሶስቱ ባዶ ገፆች ፊታችሁ ይቆማሉ፣ ያኔ ማፈር ይመጣል፣ ማፈር ደግሞ ከስንፍና በላይ ሰውን ከመፃፍ ያስቆማል። በዛ ላይ ብዙዎቹ በፈረንጅ ቀን ናቸው፣ እኔ ደግሞ እናቴ የታመመችበትን ቀን በህዳር ነው የማስታውሰው እንጂ በኖቬምበር አይደለም።

ስለዚ ተራ ደብተር፣ ባለ 50 ሉክ፣ ተማሪ የሚይዘው። ቀኑን ራሳችሁ ትፅፋላችሁ፣ ከዘለላችሁ ማንም አያውቅም፣ የሚቀጥለው መስመር ላይ ትቀጥላላችሁ። ማታ ማታ አምስት ስድስት መስመር ከሆነ አንዱ ደብተር ወራት ይቆያል።

ሞባይልስ? ይቻላል፣ ብዙ ሰው ቴሌግራም ላይ ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ ወይ ስልኩ ኖት ላይ ይፅፋል፣ እኔም አንድ ጊዜ እንደዛ አድርጌ ነበር። መናኸሪያ ጋር ስልኬን ተሰረቅኩ፣ ቴሌግራሙን መልሼ ከፈትኩት፣ ኖት ላይ የፃፍኳቸው ስምንት ወር ግን አልተመለሱም። ከተሰረቀው ስልክ ይልቅ እስከዛሬ የሚቆጨኝ ስምንቱ ወር ነው። ሌላው ደግሞ ስልክ ከፍታችሁ ልትፅፉ ስትሉ የሆነ ሰው ቪዲዮ ልኮላችኋል፣ እሱን አየሁ ስትሉ ግማሽ ሰአት ሄደ። ደብተር ምንም አይልክላችሁም። ባጃጅ ውስጥ ወይ ወረፋ ላይ ሆናችሁ የሚረሳ ነገር ከመጣላችሁ ስልክ ላይ ሁለት ቃል ያዙና ማታ ወደ ደብተሩ ገልብጡት፣ እኔ እንደዛ ነው የማደርገው።

መቼ

«ጊዜ ሳገኝ እፅፋለሁ» ያለ ሰው አይፅፍም፣ ይሄን በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ፅሁፉን ሁሌ ከምታደርጉት ሌላ ነገር ጋር እሰሩት። እኔ ጋር ማታ ቡና ይፈላል፣ እናቴ ያለ ማታ ቡና አትተኛም፣ እና እኔ ከቶና እስከ በረካ ባለው ጊዜ ነው የምፅፈው። ቶናውን ጠጥቼ ሲኒዬን አስቀምጣለሁ፣ ደብተሩን አነሳለሁ፣ በረካው እስኪቀርብ አለቀ። አስር ደቂቃ ብትሆን ነው። ቡናው ሲቀርብ እጄ ራሱ ደብተሩን ይፈልጋል አሁን፣ እኔ አስቤው አይደለም። እናንተ ጋር ቡና ከሌለ ጥርስ ከመፋቅ ጋር፣ ከማታ ፀሎት ጋር፣ ስልክ ቻርጅ ላይ ከመሰካት ጋር አድርጉት፣ ብቻ የማይቀር ነገር ይሁን። በሺፍት የምትሰሩ ልጆች ደግሞ (ኢንዱስትሪ ፓርኩ ጋር የሚሰሩ ጎረቤቶች አሉኝ) ሰአቱን ትታችሁ ድርጊቱን ያዙ፣ «ከስራ ገብቼ እግሬን ከታጠብኩ በኋላ» አይነት፣ ቀንም ሆነ ሌሊት እግር መታጠብ አይቀርም።

ስንት ቀን ይፈጃል ለምትሉ፣ 21 ቀን የሚባለውን ነገር እርሱት። ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ፊሊፓ ላሊ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር 96 ሰዎችን ተከታትላ ነበር፣ እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ልማድ መርጠው በየቀኑ ሲሞክሩ፣ እና ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ነው የፈጀው፣ ከሰው ሰው ግን በጣም ይለያያል፣ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን። እኔን ከሁሉም ያስደሰተኝ ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፣ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላበላሸውም። አንድ ቀን ዘለልኩ ብሎ የሚያቆም ሰው እኮ ያቆመው በመዝለሉ ሳይሆን «በቃ አበላሸሁት» በማለቱ ነው።

ስለዚ ስትዘሉ የዘለላችሁትን ለማካካስ አትሞክሩ። የአራት ቀን ውሎ ባንዴ ልፃፍ ያለ ሰው ይደክመዋል፣ ከዛ አምስተኛውንም ይዘላል። የዛሬን ብቻ ፃፉ። እኔ አንዴ እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ለሀያ ሶስት ቀን አንድ ቃል አልፃፍኩም፣ በሀያ አራተኛው «ዛሬ ወደ ቤት ገባን። ሾርባ ጠየቀች» ብዬ ቀጠልኩ። ያ ባዶ ቦታ ዛሬ ሳየው ራሱ ይናገራል።

ምን ይፃፋል

እዚህ ጋር ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚያቆመው እዚህ ነው። ደብተር ይዞ ይቀመጥና «ዛሬ ምንም የተለየ ነገር አልነበረም» ብሎ ይዘጋዋል። ወይ ደግሞ «ዛሬ ደብሮኛል፣ ህይወት ከባድ ነው» ብሎ አንድ ገፅ ይሞላል፣ ለሳምንት እንደዛ ይፅፋል፣ ከዛ መልሶ ሲያነበው ሁሉም ቀን አንድ አይነት ነው፣ የቱ ቀን የቱ እንደሆነ አይለይም፣ ስለዚ ይሰለቸዋል።

የኔ ህግ ይቺ ናት፦ መጀመሪያ የታየውን የተሰማውን የተባለውን ፃፉ፣ ስሜቱ ራሱ ተከትሎ ይመጣል። ማን ምን አለ፣ ምን ተበላ፣ ስንት ተከፈለ፣ ሰማዩ እንዴት ነበር፣ የት ቆማችሁ ነበር። የአባቴ መስመር «ዛሬ ደስ አለኝ» ቢል ኖሮ እኔ ምን አገኝበት ነበር? «ትንሿ ብቻዋን መጣች» ስላለ ነው ደስታውም ስጋቱም ውስጡ ያለው።

ምሳሌ ካስፈለገ ከራሴ ደብተር አንዱን እንዳለ ልገልብጠው (አባ ኮዳ የሚባለው ሀይቁ ዳር የሚቆመው ትልቅ ወፍ ነው)፦

«ሰኔ 4። ጠዋት ከእህቴ ጋ አሞራ ገደል ሄድን አሳ ልንገዛ። ቆሮሶ ጠፍቷል አምባዛ ብቻ ነው አለ ልጁ፣ በኋላ ግን ከሌላ ጀልባ መጣ። አባ ኮዳዎቹ አጥር ላይ ተሰልፈው የአሳ አንጀት ይጠብቃሉ፣ የእህቴ ልጅ ‹ሽማግሌዎች ናቸው?› አለ። ስመለስ ዝናብ ያዘን ገብርኤል ጋ ተጠለልን። እህቴ ባሏ አዲስ አበባ ስራ እንዳገኘ ነገረችኝ፣ ዝናቡን እያየች ነው የነገረችኝ፣ እኔን አላየችኝም።»

አያችሁ፣ ሀዘን የሚል ቃል የለበትም። ዛሬ ግን ሳነበው ያን ቀን እህቴ ለመሄድ ወስና እንደነበር የመጨረሻው መስመር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፣ ያኔ ስፅፈው እኔ ራሴ አልገባኝም ነበር። አይናችሁ ያየው ነገር ልባችሁ ከመረዳቱ በፊት ደብተር ላይ ይቀመጣል፣ ለኔ የዚህ ልማድ ትልቁ ጥቅም እሱ ነው።

«ምንም አልነበረም» የሚያስብል ቀን ሲሆን እኔ ከነዚህ አንዱን እጠይቃለሁ፦ ዛሬ ማን ሳቀ? ዛሬ ምን ዋጋ ጨመረ? ከቤት ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት ሰው ማን ነው? መልስ የሌለው ቀን እስካሁን አልገጠመኝም። የዋጋ ነገር ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ የዛሬ አምስት አመት ሽንኩርት ስንት እንደነበር ደብተሬ ላይ አለ፣ እናቴ ከጎረቤት ጋር ስትከራከር እኔን ነው የምትጠራው።

ቀን መፃፍ አትርሱ፣ ከነአመተ ምህረቱ። ያለ ቀን የተፃፈ ነገር ከአመት በኋላ ግማሹ ይሞታል። ፊቼ ጨምበላላ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለምሳሌ ቋሚ ቀን የለውም፣ የሲዳማ አያንቶዎች ሰማዩን ተከታትለው ነው ቀኑን የሚያሳውቁት፣ እና በየአመቱ መቼ እንደዋለ፣ ጎረቤቶቻችን ጋ ስንት ሰአት ቡርሳሜ እንደበላን፣ ጉዱማሌ ማን ከማን ጋር እንደሄደ ከደብተሬ ነው የማገኘው። አያንቶዎቹም እኮ ሰማዩን አንድ ማታ አይተው አይደለም የሚያውቁት፣ በየማታው ስለሚያዩት ነው።

ቋንቋ? በምታወሩበት። አማርኛ፣ ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛ፣ ቅልቅል፣ ምንም ችግር የለውም። ሰው የተናገረውን በተናገረበት ቋንቋ ፃፉት፣ ድምፁ አብሮ ይቀመጣል። ስለ ፊደሉም አትጨነቁ፣ የትኛው ሀ ነው፣ የትኛው ፀ ነው እያለ የሚቆም ሰው አይቻለሁ፣ ደብተሩን የሚያርም አስተማሪ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ይሄ የተግባር ጥቅም ነው። አንድ ወቅት የነበርኩበት መስሪያ ቤት የሶስት ወር ኦቨርታይም ሳይከፍለኝ ቀረና ስጠይቅ «መቼ መቼ ነው ያመሸሽው?» ተባልኩ። በጭንቅላቴ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ብዙ ቀን» ከማለት ውጪ መልስ አልነበረኝም። ደብተሬ ላይ ግን «2 ሰአት ተኩል ወጣሁ፣ ባጃጅ አጣሁ፣ በእግሬ» የሚሉ 19 ቀኖች ከነቀናቸው ነበሩ። ለክስ ብዬ የፃፍኳቸው አይደሉም፣ እግሬ ስላመመኝ ነው የፃፍኳቸው። 17ቱን ቀን ከፈሉኝ።

ከባድ ነገር ሲመጣ

ሁሉ ቀን የአሳና የዝናብ አይደለም። ሰው ይሞታል፣ ፍቅር ይፈርሳል፣ ለማንም የማይነገር ነገር አለ። ለዚህ አይነቱ ከላይ ያልኩት አምስት መስመር አይበቃም፣ አፃፃፉም ይለያል።

ይሄን ነገር በደንብ ያጠናው ጄምስ ፔነቤከር የሚባል አሜሪካዊ የስነልቦና ሊቅ ነው። በፈረንጆቹ 1986 ከሳንድራ ቢል ጋር ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀን በቀን 15 ደቂቃ አፃፋቸው። አንዳንዶቹ ስለ ተራ ነገር ብቻ፣ ሌሎቹ በህይወታቸው ስላጋጠማቸው ከባድ ነገር፣ ከነሱም ውስጥ ገሚሱ የሆነውን ብቻ፣ ገሚሱ ስሜቱን ብቻ፣ ገሚሱ ሁለቱንም አንድ ላይ። በቀጣዮቹ ወራት ክሊኒክ መሄድ የቀነሱት የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የፃፉት ናቸው። ስለዚ ከላይ «መጀመሪያ የሆነውን» ብያለሁ፣ ለከባድ ነገር ግን እዛ ላይ አታቁሙ፣ ምን እንደተሰማችሁም ግቡበት።

ከዛ በኋላ ፔነቤከር የሰዎቹን ፅሁፍ ቃል በቃል ሲመረምር ደግሞ ይበልጥ የተጠቀሙት ከቀን ወደ ቀን «ምክንያቱም»፣ «ለካ»፣ «ገባኝ» አይነት ቃላት እየጨመሩ የሄዱት እንደሆኑ አየ። ይሄን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ደብተር ሄጄ አየሁት። አባቴ በሞተ ሰሞን የፃፍኩት ሁሉ «ለምን» ነው፣ ለምን አልደወልኩም፣ ለምን ያን ቀን አልመጣሁም። ከወራት በኋላ አንድ ቦታ ላይ «ለካ ያልደወልኩት እንዳይነግረኝ ፈርቼ ነው» የሚል አለ። ከዛች ቀን ወዲህ ያ ለምን የሚለው ተመልሶ አልመጣም፣ ቢያንስ በዛ መልኩ።

ስለዚ ከባድ ነገር ሲኖር እንዲ አድርጉ፦ አራት ቀን ምረጡ፣ በቀን 15 ወይ 20 ደቂቃ፣ ብቻችሁን፣ ሳታቋርጡ፣ ሰዋስው ሳታዩ። የምትሉት ካለቀ ያላችሁትን ድገሙት። «ምክንያቱም» የሚለውን ቃል ጀምራችሁ ቀጥሉት፣ ወዴት እንደሚወስዳችሁ እዩ። ለሰው ለማሳየት አትፃፉ፣ ከፈለጋችሁ ስትጨርሱ ቅደዱት፣ የምትጠቀሙት ከመፃፉ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን። አንደኛ፣ ፅፋችሁ እንደጨረሳችሁ ወዲያው ቀለል አይላችሁም፣ እንደውም ይከብዳችኋል፣ በጥናቱም ተማሪዎቹ የፃፉ ሰሞን ይበልጥ አዝነው ነበር፣ ጥቅሙ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ስለዚ ልትተኙ ስትሉ አትፃፉት፣ ቀን ፃፉና ውጡ፣ እኔ ወደ ፍቅር ሀይቅ እወርዳለሁ፣ ውሀውን እያዩ መሄድ ብቻውን ይበቃል። ሁለተኛ፣ ነገሩ ገና ትኩስ ከሆነና ስታስቡት የምትወድቁ ከመሰላችሁ አትፃፉት። ፔነቤከር ራሱ ከአቅም በላይ የሚሆንን ነገር ተዉት ይላል፣ ስለ ሌላ ነገር ፃፉ። ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ ደግሞ ደብተር ሀኪምን አይተካም፣ ሂዱ ለባለሙያ ተናገሩ፣ ይሄን የምለው ጓደኛዬ ስትዘገይ አይቼ ነው።

እንቅልፍ እምቢ ሲል

ይቺ አጭር ናት። ነገ የሚሰራ ነገር እየተመላለሰ እንቅልፍ የሚከለክላችሁ ከሆነ ከማስታወሻችሁ ስር የነገን ስራ ዘርዝሩ። ቤይለር ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ 2018 በወጣ ጥናት 57 ሰዎችን ከመተኛታቸው በፊት 5 ደቂቃ አፃፏቸው፣ ግማሹን የሰሩትን፣ ግማሹን ገና የሚሰሩትን። የሚሰሩትን የፃፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ ዝርዝሩን ያበዙት ደግሞ ይበልጥ ቶሎ። ስለዚ «ነገ ብዙ ስራ አለ» አትበሉ፣ «ጠዋት ውሀ መክፈል፣ ለአክስቴ መደወል፣ የጋዙን ሲሊንደር ማስሞላት» በሉ። እኔ ጋ ይሰራል።

ሰው እንዳያነብብኝስ

እውነቱን እንናገር፣ ብዙ ሴት የማትፅፈው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ከወንድም ከእህት ጋር ነው የምንኖረው፣ የሚቆለፍ መሳቢያ ያለው ማን ነው? እኔ አስራ ምናምን አመት ሳለሁ አንዴ ደብተሬ ተገኝቶ ጮክ ተብሎ ተነቦብኛል፣ ከዛ በኋላ ለብዙ አመት አንድ መስመር አልፃፍኩም፣ እና ፍርሀቱን አውቀዋለሁ።

የሚሰራው ነገር ይሄ ነው። ደብተሩ የድሮ የትምህርት ደብተር ይምሰል፣ የመጀመሪያዎቹን ገፆች በሂሳብ ወይ በኬሚስትሪ ኖት ሙሏቸው፣ ማንም የሂሳብ ደብተር አያነብም። የሰውን ስም ሙሉውን አትፃፉ፣ አንድ ፊደል ወይ እናንተ ብቻ የምታውቁት መጠሪያ ይበቃል። ቤት ውስጥ ለሚያከብራችሁ አንድ ሰው «ይሄ የግሌ ነው፣ እንዳትነኪብኝ» ብላችሁ በግልፅ ንገሩ፣ የሚገርመው ሲነገራቸው ብዙዎቹ ያከብራሉ። ቤት ውስጥ የሚመታችሁ ወይ የሚያስፈራራችሁ ሰው ካለ ግን እቤት አታኑሩት፣ የምታምኑት ሰው ጋ ወይ ስራ ቦታ ይሁን፣ ያኔ ደግሞ ቀንና ሰአት በትክክል መፃፍ ከምንም በላይ ይጠቅማችኋል። ለወላጆችና ለታላላቆች ደግሞ አንድ ነገር፣ የልጅን ደብተር ከፍቶ ማንበብ ልጁን ከመፃፍ ያስቆመዋል እንጂ ምንም አያሳውቃችሁም፣ እባካችሁ ተዉት።

መልሶ ማንበብ

ብዙ ሰው ይፅፋል እንጂ አያነብም። ወይ ደግሞ በየሳምንቱ እያነበበ «ምን አይነት ነገር ነው የፃፍኩት» እያለ ያፍራል። ሁለቱም አይሆንም። ጊዜ ሰጥታችሁ አንዴ አንብቡት።

እኛ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ጊዜ አለን፣ ጳጉሜ። አምስት ቀን፣ በአራት አመት አንዴ ስድስት፣ አሮጌው አመት ገና ሳይሄድ አዲሱም ሳይገባ። እኔ በጳጉሜ አዲስ ነገር ብዙ አልፅፍም፣ የአመቱን ደብተሮች አወጣና ከመስከረም ጀምሬ አነባለሁ። ያስደነቀኝን መስመር በሌላ ቀለም አሰምርበታለሁ። ሁለት ሶስቴ የተደጋገመ ነገር ካየሁ መጨረሻው ገፅ ላይ ለብቻው እፅፈዋለሁ። አንድ አመት ላይ «ከእሱ ጋ ቡና ጠጥተን ራሴን አመመኝ» የሚል ነገር ለዘጠኝ ጊዜ አገኘሁ፣ ስለ አንድ ሰው፣ በየወሩ የተለያየ ምክንያት ሰጥቼው ነበር፣ ፀሀይ ነው፣ አልበላሁም ምናምን። ዘጠኙን አንድ ላይ ሳያቸው ግን ነገሩ ሌላ ነበር፣ በዛው መስከረም ተለያየን።

አቀማመጡም ላይ ተጠንቀቁ፣ ሀዋሳ ሞቃት ናት፣ ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበት አለ፣ ካርቶን መሬት ላይ ከተቀመጠ ምስጥ ይገባዋል። የአባቴ ደብተሮች ሁለቱ እንደዛ ሆነው ነው ያገኘናቸው፣ ውስጣቸው ዱቄት ሆኗል፣ ምን እንደነበረባቸው ማንም አያውቅም። አሁን ሁሉንም በፌስታል ጠቅልዬ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ነው የማስቀምጣቸው፣ በጣም የምወዳቸውን ገፆች ደግሞ ፎቶ አንስቼ ኢሜሌ ላይ አስቀምጫለሁ።

ያለፈው ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል እለት፣ ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ ሁሉ ግቢ ውስጥ ሊጠመቁ ወጡ፣ እኔና እናቴ በረንዳ ላይ ነበርን፣ እኔ የአመቱን እያነበብኩ። የአባቴን ደብተር አምጪልኝ አለችኝ። አመጣሁላት። አይኗ ስለደከመ እኔ ነኝ የማነብላት፣ ስኳሩንም ዘይቱንም ሳልዘል፣ እሷ እያንዳንዱን ስም ስትሰማ «እሷ ይርጋለም ሄደች፣ እሱ አረፈ፣ ይቺ ልጇን ዳረች» ትላለች። ከዛ ዝም ብላ ቆየችና «እስክርቢቶ አምጪ» አለችኝ። እናቴ ከመሰረተ ትምህርት በኋላ እስክርቢቶ ስትይዝ አይቻት አላውቅም። ከአባቴ መጨረሻ ገፅ ስር፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየሳለች ቀኑን ፃፈችና «ዝናብ። ልጄ አነበበችልኝ» ብላ ጨመረችበት።